በቀይ አፈር ላይ የገረጣ ቅጠል

በአማርኛ «ልክ» የሚለው ቃል ሁለት ፍርድ በአንድ ጊዜ ይሰጣል። ልብስ ሰፊ በሜትሩ የሚወስደው ልክ ነው፤ መምህር ለተማሪው መልስ የሚሰጠው ምስክርነትም «ልክ ነው» የሚል ነው። መጠንና እውነት በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ማደራቸው የአጋጣሚ ይሁን አይሁን የቋንቋ ሊቃውንት ሊከራከሩበት ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ አንድ የቆየ የሃይማኖትና የፍልስፍና ጥያቄ የሚጀምረው ከዚሁ ስፍራ ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት የሚቆጠረው መጽሐፈ ጥበብ በ11ኛው ምዕራፉ ፈጣሪ ሁሉን በመጠን፣ በቁጥርና በሚዛን እንዳዘጋጀ ያስተምራል፤ ቁርኣንም በ54ኛው ሱራ እያንዳንዱ ነገር በተወሰነ ልክ እንደ ተፈጠረ ይናገራል። ሁሉ በልክ ከተፈጠረ፣ በሞላበት ስፍራ ስለ ምን ይጎድላል? ሰውስ የጎደለውን በእጁ እየለካ ሲጨምር የፈጣሪን ሥራ እያረመ ነው ወይስ የተቀበለውን አደራ እየተወጣ? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን የሚመረምረው እጅግ ትንሽ ከሚመስል ነገር ተነሥቶ ነው፤ እርሱም በመስታወት የዓሣ ገንዳ ውስጥ ለሚበቅሉ የውኃ ዕፀዋት በጠብታ የሚሰጠው ብረት ነው። ጥያቄው የሚፈተንበት ስፍራ ደግሞ ቀይ አፈር የሞላበት የሐዲያና የከምባታ ምድር ይሆናል።

አኳሪየም የሚባለው የመስታወት ገንዳ ዓሣ ብቻ የሚኖርበት ሲሆን አንድ ነገር ነው፤ ሕያው ዕፀዋት ሲተከሉበት ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ዕፀዋቱ ብርሃን፣ ካርቦን፣ ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ፖታሲየም ይፈልጋሉ፤ ከእነዚህ ሌላ እጅግ በጥቂቱ ሆኖ ግን ያለ እርሱ መኖር የማይቻልበት ብረት ይፈልጋሉ። ብረት የቅጠልን አረንጓዴነት የሚሰጠው የክሎሮፊል አካል አይደለም፤ በክሎሮፊል መካከል ያለው ማዕድን ማግኒዥየም ነው። ነገር ግን ተክሉ ክሎሮፊልን ለመሥራትና ከብርሃን ያገኘውን ኃይል ከአንዱ ሞለኪውል ወደ ሌላው ለማሻገር ብረት ያስፈልገዋል፤ ብረት ሲያጣም ቅጠሉ ይገረጣል፣ ደም ሥሮቹ ብቻ አረንጓዴ ሆነው በመካከላቸው ያለው ገጽ ቢጫ ይሆናል። የዕፀዋት ሊቃውንት ይህን ሕመም ክሎሮሲስ ይሉታል። የሕመሙ ልዩ ምልክት ግን ቀለሙ ሳይሆን ስፍራው ነው። ናይትሮጅን ወይም ማግኒዥየም ያጠረው ተክል ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ስለሚሰጥ መጀመሪያ የሚገረጣው ከታች ያለው አሮጌ ቅጠል ነው፤ ብረት ግን አንዴ በአንድ ቅጠል ውስጥ ከገባ በኋላ በቀላሉ ወደ ሌላው አይሻገርም፤ ስለዚህ አሮጌዎቹ ቅጠሎች ለምልመው ሳለ ገና የወጣው እንቡጥ ነጥቶ ይታያል። የገንዳውን ጤንነት ማወቅ የፈለገ ሰው ትልልቆቹን ቅጠሎች አይቶ ቢፈርድ ይሳሳታል ማለት ነው።

የእጦቱ ምክንያት የብረት ማነስ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል በሆነ ነበር። ብረት በምድር ቅርፊት ውስጥ ከኦክስጅን፣ ከሲሊኮንና ከአሉሚኒየም ቀጥሎ አራተኛው ሲሆን ከቅርፊቱ ክብደት ከመቶ አምስት እጅ ያህሉን ይይዛል። አንድ መቶ ሊትር ውኃ የሚይዝ ገንዳ ለእያንዳንዱ ሊትር አንድ አሥረኛ ሚሊግራም ብረት ቢሰጠው፣ ይህም ብዙ ጊዜ በቂ ተብሎ የሚታሰብ መጠን ነው፣ በጠቅላላው የሚያስፈልገው አሥር ሚሊግራም ብቻ ነው። ከመቶ አምስት እጁ ብረት ከሆነ አፈር 200 ግራም በእፍኝ ቢታፈስ በውስጡ 10,000 ሚሊግራም ብረት ይገኛል፤ ይህም አንድ ሺህ እንዲህ ያለ ገንዳ ለአንድ ጊዜ የሚያዳርስ ነው። ሆኖም ያን አፈር ገንዳው ውስጥ የጨመረ ሰው ውኃውን ያደፈርሳል እንጂ በውኃው ውስጥ በቅጠላቸው የሚመገቡትን ዕፀዋት አይጠቅምም፤ አየር ባለበት ውኃ ውስጥ ብረት ወደ ዝገት ይለወጣል፣ ዝገትም አይሟሟም፣ ያልሟሟውንም ተክል ሊወስደው አይችልም። ውኃው ከአሲድነት ወደ አልካላይነት በፒኤች አንድ ደረጃ በወጣ ቁጥር የሚሟሟው የዛገ ብረት መጠን በሺህ እጅ ይቀንሳል። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚለው ተረት ለዚህ ሁኔታ የተተረተ ይመስላል፤ ወንጌልም በምድር ላይ የተከማቸ መዝገብን ብልና ዝገት እንደሚያጠፋው ሲያስጠነቅቅ ስለ ሰው ሀብት ቢናገርም፣ ለውኃ ተክል ዝገት በእውነት የመዝገቡ ሌባ ነው።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ብረትን ማብዛት ሳይሆን መያዝ ነው። የኬሚስትሪ ሊቃውንት ኪሌት የሚሉት ውሕድ ስሙን ያገኘው የሸርጣን መቆንጠጫ ከሚባልበት የግሪክ ቃል ነው፤ ሥራውም እንደ ስሙ ብረቱን ከሁለትና ከዚያ በላይ በሆነ ጎን ቆንጥጦ ከኦክስጅን ጠብቆ ተክሉ ዘንድ ማድረስ ነው። ለገንዳ ተብሎ የሚሸጠው የብረት ፈሳሽ ብዙውን ጊዜ እንዲህ የተያዘ ብረት ነው። ከመያዣዎቹ አንዱ የሆነው ኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ፒኤች ከ6.5 ገደማ ሲያልፍ እጁ ይላላል፤ ዲ.ቲ.ፒ.ኤ. እስከ 7.5 ገደማ ይጸናል፤ ኢ.ዲ.ዲ.ኤች.ኤ. የሚባለው ደግሞ ከዚያም በላይ ይዞ ይቆያል። እዚህ ላይ መስተዋል የሚገባው መያዝ ብቻውን በጎነት አለመሆኑ ነው። በሻይና በቡና ውስጥ ያሉት ታኒን የሚባሉ ውሕዶችም ብረትን ይይዛሉ፤ ይሁንና ስለማይለቁት በአንጀት ውስጥ ያልፋል እንጂ ደም አይሆንም። ለነፍሰ ጡር የሚሰጠውን የብረት እንክብል ከቡና ጋር አብራ እንዳትወስድ የሚመከረው ስለዚህ ነው። እንግዲህ ለጋሽ የሚባለው የያዘው ሳይሆን ይዞ በተፈለገበት ስፍራ የሚለቀው ነው፤ ብዙ የምጽዋት ክርክር እዚህ ላይ ቢጀመር ባጠረ ነበር።

ታዲያ ፈጣሪ ለዕፀዋት ብረትን እጅግ አስፈላጊ አድርጎ ሳለ ስለ ምን በዝገት ቆለፈው? የምድርን ታሪክ የሚመረምሩ ሊቃውንት ለዚህ የሚሰጡት መልስ አስገራሚ ነው። በጥንታዊው ባሕር ውስጥ ኦክስጅን ስላልነበረ ብረት በብዛት ሟሙቶ ይገኝ ነበር፤ ከ2.4 ቢሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት ሲያኖባክቴሪያ የሚባሉ፣ ከብርሃን ምግብ የሚሠሩ ጥቃቅን ፍጥረታት የለቀቁት ኦክስጅን ባሕሩንና አየሩን ሲሞላ ብረቱ ዝጎ ወደ ታች ዘቀጠ፤ ዛሬ ከምድር የሚቆፈረው የብረት ማዕድን አብዛኛው የዚያ ዝቃጭ ነው። በሌላ አነጋገር ብረትን የቆለፈው የአረንጓዴ ሕይወት የገዛ እስትንፋስ ነው። ይህን የዘመን ስሌት የሚቀበልም ሆነ የፍጥረትን ስድስት ቀናት እንደ ቃሉ የሚያነብ ሰው ከአንድ ነገር አያመልጥም፤ ኦክስጅን የሚሰጠው ሕይወትና ኦክስጅን የሚነሣው ብረት የአንድ ሥርዓት ሁለት ገጽ ናቸው፤ አንዱን ያለ ሌላው የሚመኝ የተለየ ዓለም እየተመኘ ነው።

ሌላም መልስ አለ፤ እርሱም ወደ ሃይማኖት ሊቃውንት ይበልጥ የሚቀርብ ነው። ሄንሪ ፌንተን የተባለው እንግሊዛዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1894 እንደ ገለጸው ያልታሰረ ብረት ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር ሲገናኝ ብርቱ አቃጣይ ኃይል ያስነሣል፤ ይህ ኃይል በሕያው ሕዋስ ውስጥ ከተነሣ ስቡንም ፕሮቲኑንም የዘር ቅንጣቱንም ያፈርሳል። በዚህ ምክንያት የሰውም የተክልም አካል ብረትን ፌሪቲን በሚባል ፕሮቲን ውስጥ እንደ ጎተራ ቆልፎ ያስቀምጠዋል። በገንዳ ውስጥ ብረት ሲበዛ ቅጠሉ ይጠቋቁራል፣ ያልተፈለገ አልጌ ይስፋፋል፤ ሰው ዘንድ ደግሞ እናት በአግባቡ ብትውጠው የሚያድናት እንክብል ሕፃን ልጇ ብዙውን አንድ ላይ ቢውጠው ሊገድለው ይችላል። አማርኛ ይህን ከኬሚስትሪ በፊት የተረዳ ቋንቋ ነው፤ «መድኃኒት» የሚለው ቃል ከመዳን የወጣ፣ ለዓለም አዳኝም ስም የሆነ ሲሆን፣ «መድኃኒት አቀመሱት» ሲባል ግን መመረዝን ወይም መደገምን ያመለክታል። ስለዚህ ቁልፉ ንፍገት ነው የሚለው ክስ አይጸናም። ቁልፉ ባይኖር ስጦታው ራሱ አጥፊ ይሆን ነበር።

የአብነት ትምህርት ቤት ሊቃውንት ስለ ሥነ ፍጥረት ሲያስተምሩ ሥጋ ከአራት ባሕርያት፣ ማለትም ከመሬት፣ ከውኃ፣ ከነፋስና ከእሳት እንደ ተሠራ፣ እነዚህም እርስ በርሳቸው ተቃራኒዎች ሳሉ በፈጣሪ ጥበብ ተስማምተው እንደሚኖሩ ይናገራሉ። ትምህርቱ ዘመናዊ ኬሚስትሪ አይደለም፣ እንደ ኬሚስትሪም ሊነበብ አይገባውም፤ ሆኖም ስለ መስታወቱ ገንዳ ከብዙ የመመሪያ ወረቀት ይልቅ ትክክለኛ ነገር ይናገራል። ብረቱ ከመሬት ነው፤ ውኃው ይሸከመዋል፤ በነፋሱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ያዝገዋል፤ የእሳት ወገን የሆነው ብርሃን ደግሞ ተክሉ ብረት እንዲሻ ያስገድደዋል፣ የያዘውንም ኪሌት ቀስ በቀስ ያፈርሰዋል። ከአራቱ አንዱ ሲጨመር የሌሎቹ ልክ አብሮ ይለወጣል። መብራቱን ያበረታ ሰው ብረቱን ባይነካውም እንኳ የብረቱን ልክ ለውጦታል።

በሐዲያና በከምባታ ደጋዎች ይህ ሁሉ ያለ መስታወት ይታያል። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሆሳዕና፣ ቀድሞ ዋቸሞ የምትባለው፣ ስሟን ያገኘችው ዘንባባ ተይዞ ከሚከበረው በዓል ነው፤ የቅጠል በዓል ስም ያላት ከተማ ስለ ቅጠል በሚነሣ ክርክር ውስጥ መገኘቷ ያጋጣሚ ነገር ነው፣ ግን ደስ የሚል አጋጣሚ ነው። በእርሷና በዱራሜ ዙሪያ፣ በአንጋጫና በዶዮገና ኮረብታዎች ላይ ብዙው አፈር ቀይ ነው፤ ቅላቱም የዛገ ብረት ቀለም ነው። በዚህ ምድር ላይ ከጎጆው ዙሪያ የሚተከለው እንሰት፣ በሐዲይኛም በከምባትኛም ዌሳ የሚባለው፣ ለምልሞ የሚታየው አፈሩ ብረት ስላለው ብቻ አይደለም። ሴቶች ዕለት ዕለት ከበረት ጠርገው በእንሰቱ ሥር የሚያፈስሱት እበት ናይትሮጅንና ፖታሲየም ከመስጠቱ ሌላ ሲበሰብስ የሚያወጣቸው ተፈጥሯዊ አሲዶች ብረትንና ሌሎች ጥቃቅን ማዕድናትን ቆንጥጠው ለሥሩ ያቀርባሉ። ኪሌት በቤተ ሙከራ ከመሠራቱ ከብዙ ትውልድ በፊት በጓሮ ይሠራ ነበር ማለት ነው፤ የሚሠሩት ሴቶች ስሙን አላወቁም፣ ሥራውን ግን ያውቁታል። በሐዲያ ከብቱ መቶ የሞላለት ሰው የሚያገኘው ማዕረግ የባለ ከብቱን ክብር ሲናገር ኖሯል፤ መቶው ከብት እንሰት የሚሆንበትን የየጠዋቱን ጠረጋ ግን ማንም ማዕረግ አልሰጠውም።

ሥሩም ቢሆን ተቀምጦ የሚጠብቅ ለማኝ አይደለም። አብዛኞቹ ዕፀዋት ብረት ሲያጡ በሥራቸው ዙሪያ ያለውን አፈር አሲድ ያደርጉታል፣ የዛገውንም ብረት ወደሚሟሟ ዓይነት መልሰው ይጠጡታል፤ የሣር ወገን የሆኑት ስንዴ፣ ገብስና በቆሎ ደግሞ ብረት የሚይዝ ውሕድ ከሥራቸው አውጥተው ይልካሉ፣ የላኩትም ብረቱን ይዞ ሲመለስ ያስገቡታል። የዚህ ነገር መንፈሳዊ ተምሳሌት በዚያው ምድር ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የተባለው የወንጌላውያን ተልእኮ በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት እ.ኤ.አ. በ1928 ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ መጥቶ በሆሳዕና ጭምር ሥራ ጀመረ፤ ጣሊያን ሀገሪቱን ከወረረ በኋላ ሚሲዮናውያኑ እስከ 1938 ድረስ ከአካባቢው እንዲወጡ ተደረገ፤ ትተውት የሄዱት አማኝ ጥቂት ነበር። ከወረራው በኋላ ሲመለሱ ግን ያገኙት የደረቀ ተክል ሳይሆን የሰፋ ጉባኤ ነበር። ከውጭ የሚሰጠው ልክ ሲቋረጥ ሥሩ የራሱን አሲድ አውጥቶ ነበር። ይህ ታሪክ መስጠት ከንቱ ነው የሚል ማስረጃ ተደርጎ ቢጠቀስ ግን ስሕተት ይሆናል፤ የመጀመሪያውን ዘር የጣለ እጅ ነበረና። የሚያሳየው ሥር ባለበት ስፍራ የሰጪው መቅረት ሞት አለመሆኑን ነው። በመስታወቱ ገንዳ ግን እንደዚያ አይደለም፤ በንጹሕ ጠጠር ላይ የተተከለ ተክል ሥሩ አሲድ ቢያወጣም የሚያሟሟው ነገር አያገኝም።

የቀዩ አፈር ሌላው ገጽ ለገበሬው ከባድ ነው። አፈሩ በዝናብ ታጥቦ አሲድ ሲሆን ብረቱና አሉሚኒየሙ ገበሬው በውድ ዋጋ ገዝቶ የበተነውን የማዳበሪያ ፎስፎረስ ይይዙታል፣ አይለቁትምም፤ በገንዳም ውስጥ ብረትና ፎስፌት በአንድ ሰዓት ቢጨመሩ ሁለቱ ተያይዘው ይዘቅጣሉ። ለአሲዳማ አፈር የሚመከረው ኖራ መበተን ነው፤ ኖራ ደግሞ ከልኩ ካለፈ በሌላ በኩል ብረቱን ራሱን ይቆልፈዋል። በአንድ እርሻ ላይ ብረት ሌባም የተሰረቀም ሊሆን ይችላል። ካርል ሽፕሬንግል እ.ኤ.አ. በ1828 የጀመረው፣ ዩስቱስ ፎን ሊቢግ በ1840 ገደማ ያስፋፋው ሕግ የአዝመራ መጠን የሚወሰነው ከሚያስፈልጉት ሁሉ እጅግ ባነሰው ነው ይላል፤ የበዛውን ማብዛት ያነሰውን አይተካም። ፈረንሳዊው ዩሴብ ግሪ በ1840ዎቹ መጀመሪያ የገረጡ ዕፀዋትን በብረት ጨው አረንጓዴ ማድረጉ የታወቀው በዚሁ ዘመን ነበር፤ ዛሬ በገንዳ ላይ ጠብታ የሚያንጠባጥብ ሁሉ የእርሱ ተከታይ ነው።

እንግዲህ ልክን ማን ይወስናል? ኦሪት ዘጸአት በ16ኛው ምዕራፍ ስለ መና የሚተርከው ነገር ከማናቸውም የፍልስፍና መጽሐፍ ይልቅ ለዚህ ጥያቄ ይቀርባል። ለእያንዳንዱ ነፍስ አንድ ጎሞር ተመደበ፤ ብዙ የሰበሰበው አልተረፈውም፣ ጥቂት የሰበሰበው አላነሰውም፤ ለነገ ብሎ ያሳደረው ግን ተላ፣ ሸተተም። ብዙ ሰባክያን ታሪኩን እዚህ ላይ ይተዉታል፣ ትምህርቱም ስስትን መከልከል ብቻ ይሆናል። ታሪኩ ግን ይቀጥላል፤ በስድስተኛው ቀን እጥፍ ሰበሰቡ፣ ለሰንበትም አሳደሩት፣ አልተላም። በአንድ ቀን መተላለፍ የሆነው መጠን በሌላው ቀን መታዘዝ ሆነ። ስለዚህ ልክ በሰፈሪያው ላይ የተቀረጸ ቁጥር አይደለም፤ ቀኑን፣ ሰጪውንና ተቀባዩን አንድ ላይ የሚያይ ፍርድ ነው። በገንዳውም ሥራ ይኸው ይታያል። በጠርሙሱ ላይ የተጻፈው መጠን ብርቱ መብራትና ተጨማሪ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለው ገንዳ ሊያንስ፣ ደብዛዛ መብራት ባለው ደግሞ መርዝ ሊሆን ይችላል። በሳምንት አንድ ጊዜ አብዝቶ ከመስጠት በየቀኑ ጥቂት መስጠት ብዙ ጊዜ የሚሻለውም የተያዘው ብረት ሳይዝግ የሚቆየው ለአጭር ጊዜ በመሆኑ ነው፤ ያደረ መና ማለት ይህ ነው።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ሰው በልክ የመወሰን ሥልጣን አለው ከተባለ ድንበሩ የት ነው? አሜሪካዊው የባሕር ሊቅ ጆን ማርቲን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የደቡብ ውቅያኖስ ውኃ ሌላው ምግብ ሁሉ ሞልቶት ብረት ብቻ እንዳጠረው፣ ብረት ቢበተንበት በሚበቅለው አልጌ አማካይነት የዓለምን አየር እስከ ማቀዝቀዝ ሊደርስ እንደሚችል ተናገረ፤ እርሱ በ1993 ካረፈ ከጥቂት ወራት በኋላም በፓሲፊክ ውቅያኖስ ላይ የመጀመሪያው የብረት መበተን ሙከራ ተደርጎ ውኃው በእርግጥ አረንጓዴ ሆነ። ባሕርን ከብክለት ለመጠበቅ የተስማሙ መንግሥታት ግን በ2008 ከሕጋዊ ምርምር በቀር እንዲህ ያለ መበተን እንዳይፈቀድ ወሰኑ። ገንዳው ውስጥ አሥር ሚሊግራም ማንጠባጠብና ውቅያኖስ ላይ በቶን መበተን በኬሚስትሪ አንድ ሥራ ነው። በሥነ ምግባር ግን አንድ አይደለም፤ ልዩነቱም በብዛት ላይ ብቻ አይደለም። ኦሪት ዘፍጥረት በ2፥15 ሰው በገነት የተቀመጠው ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ እንደ ሆነ ሲናገር የሰጠው ሥልጣን አጥር ያላት ስፍራ ላይ ነበር። ውቅያኖሱን ሰው አላጠረውም፣ የሚጠብቀውም እርሱ አይደለም። ገንዳውን ግን ያጠረው እርሱ ነው፤ ጎርፍ እንዳይገባበት፣ እበት እንዳይደርስበት፣ ጭቃ እንዳይኖረው በመስታወት ከከለለው በኋላ በዚያ ውስጥ ተፈጥሮ የምታደርገውን ማድረግ የፈቃድ ሳይሆን የግዴታ ሥራ ሆኖበታል። አጥሮ የማይመግብ ሰው ከፈጣሪ ሥልጣን አልተቆጠበም፤ የጀመረውን ሥልጣን ጥሎ ሄዷል እንጂ። ይህ ፍርድ ልጅ በሚያሳድግ፣ በረት በሚዘጋ፣ እስረኛ በሚጠብቅ ሰው ሁሉ ላይ ይጸናል።

በሐዲያና በከምባታ ይህ ፍርድ የሚነካው አንድ የቆየ ነውርም አለ። ማረሻውን፣ ማጭዱንና እንሰት የሚቆረጥበትን ስለት የሚሠሩት ብረት ቀጥቃጮች፣ ከሸክላ ሠሪዎችና ከቆዳ ፋቂዎች ጋር፣ በጋብቻ፣ በማዕድና በመሬት ተለይተው ለብዙ ዘመን ኖረዋል። ጎረቤቱ በብረታቸው አርሶ በላ፣ ከእነርሱ ጋር ግን አልበላም። የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ትምህርት ሰው ሁሉ እኩል መሆኑን ከሰበከ ቆይቷል፤ ስብከቱ በማዕዱ ላይ ሟሙቶ የደረሰበት ስፍራ ግን ከተሰበከበት ስፍራ ያንሳል። በ57ኛው ሱራ፣ ብረት የሚለው ስም በተሰጠው፣ ብረት ለሰዎች ጥቅም ከላይ እንደ ወረደ ይነገራል፤ በሐዲይኛ ዋዓ፣ በከምባትኛ መጋኑ የሚሉት የፈጣሪ ስሞችም ከጥንት ከሰማይ ጋር የተያያዙ ናቸው። ከሰማይ የወረደውን ስጦታ እየተጠቀሙ የሚያቀርበውን እጅ ማራቅ በየትኛውም መጽሐፍ ልክ ሊሆን አይችልም።

ወደ ውኃው ለመመለስ፣ ከጉራጌ ተራሮች ተነሥቶ በሐዲያና በከምባታ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው የቢላቴ ወንዝ በክረምት ከተዳፋቶቹ ያጠበውን ቀይ አፈር ይዞ አባያ ሐይቅ ይገባል። የአባያ ውኃ ቀላ ያለ ቡናማ የሆነው በውስጡ ተንጠልጥሎ በሚቀረው ብረት ባለው ደቃቅ አፈር ነው። በዚህ ሐይቅ ውስጥ ብረት እጅግ ብዙ ነው፤ ሆኖም ድፍርሱ ብርሃንን ከላይ ስለሚያስቀረው ከጥልቁ የሚበቅል አረንጓዴ ነገር ጥቂት ነው፤ ወንዙ የተነሣበት ተዳፋት ደግሞ አፈሩን ባጣ መጠን ይራቆታል። ታችኛው ከልክ በላይ ተቀብሎ ጨለመ፣ ላይኛው ከልክ በላይ ሰጥቶ ደኸየ። ለአባያ የሚያስፈልገው አንዲት ጠብታ ብረት አይደለም፤ በሐዲያና በከምባታ ምሥራቃዊ ተዳፋቶች ላይ በእርከንና በእንሰት ሥር ተይዞ የሚቀር አፈር ነው።